በር ላይ ሁለት ደቂቃ

«እማማ ምናልባት» ባለቤታቸው ከሥራ መግባታቸውን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። የጭነት መኪናዋ ከሰፈሩ ሥር ያለችውን አጭር አቀበት እያቃሰተች ትወጣለች፤ በሩ ላይ ስትቆም ሰውየው ሞተሩን ከማጥፋታቸው በፊት ነዳጅ ሰጥተው ሁለት ጊዜ ያስጓሯታል። ቩም፣ ቩም። ከዚያ ቀጥ። ትርጉሙ «መጥቻለሁ፣ ደኅና ነኝ፣ ውሃ ጣጂ» ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ሳያስጓሩ የገቡበት ቀን የለም። እማማም አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ቢከትፉ፣ ልብስ ቢያጥፉ፣ እጃቸው ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ልባቸው ቤት የሚገባው ከሰውየው ጋር ነው።

«ምናልባት» የሚለውን ቅጽል ያወጡላቸውም እኚሁ ሰው ናቸው። «ምናልባት ቢዘንብስ? ምናልባት ፍሬኑ እምቢ ቢልስ? ምናልባት ነጂው እንቅልፍ ቢጥለውስ?» እማማ ሲሏቸው፣ ሰውየው «ነጂው እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ቀጥለውም ለጎረቤት፣ «እኔ ያገባሁት ሴት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምናልባትን ነው» ይላሉ። ሰፈሩ ሰማና ተቀበለው። ከዚያ ሁሉ ሥጋት በኋላ ሰውየው ዕድሜ ጠግበው፣ አልጋቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዐረፉ። ቅጽሉ ግን ቀረ።

ከሳቸው የቀረ ሌላም ነገር ነበር። የልጅ ልጃቸው መንዳት የተማረችው ከሳቸው ነውና ማርሽ አገባቧም፣ መሪ አያያዟም፣ ሞተር አጠፋፏም ቁርጥ እሳቸውን ነው። የሰው መኪና ተውሳ እንኳ ብትመጣ በሩ ላይ ሁለቴ ሳታስጓራ አታጠፋም።

ልጅቱ አዋላጅ ናት። የምትሠራው ከረጅሙ ዳገት ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ በሳምንት አራት ቀን የምትመላለሰው አሸዋ የሚያመላልሱ ሾፌሮችን እየለመነች ነበር። ስለዚህ መኪና ልትገዛ ነው ሲባል እማማ አልተቃወሙም። የተቃወሙት ቱርቦውን ነው።

ከሰፈሩ መካኒክ ግቢ ሁለት ያገለገሉ የናፍጣ መኪኖች ለሽያጭ ቆመዋል። ሥሪታቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ፤ ልዩነታቸው ግራጫዋ ቱርቦ ያላት፣ ነጯ ቱርቦ የሌላት መሆኑ ነው። መካኒኩን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የታመመውን ብረት ከጤነኛው ይለያል። «ሥራችን አንድ ነው» ትለዋለች አዋላጇ። «እኔም ሆድ ላይ ቀንድ ደግኜ ነው የጽንስ ልብ የማዳምጠው። ልዩነቱ ያንተዎቹ አይራገጡም።»

«ቱርቦ ማለት ፍጥነት ነው» አሉ እማማ፣ ነገሩ ቤት ውስጥ በተነሣ ቀን። «ፍጥነት ማለት ደግሞ ገደል ነው።»

«ቱርቦ ማለት ዳገት መውጫ ነው፣ እማዬ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ ጊዜ አለው። ምጥ የያዛት ሴት የላትም።»

«ምናልባት...»

«ይኸው፣ ‹ምናልባት› መጣች» አለች ልጅቱ፤ ግንባራቸውን ስማ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ይቺ ልጅ ስትሄድም ሩጫ፣ ስትመጣም ሩጫ ናት። የበላችውን ቆማ ነው የምትበላው።

ሐሙስ ጠዋት እማማ ሻሻቸውን አስረው ለማንም ሳይናገሩ ወደ ጋራዡ ወረዱ። ጆሮ አንድ መኪና ሥር ገብቶ ጫማው ብቻ ይታያል።

«አንተ፣ ውጣ፤ የምነግርህ አለ» አሉት ለጫማዎቹ።

ተንፏቆ ወጣ። «ደኅና አደሩ እማማ። ምን ተሰበረ?»

«ገና አልተሰበረም። እንዳይሰበር ነው የመጣሁት።» ግራና ቀኝ አዩ። «ግራጫዋ ታማለች በላት።»

«አልታመመችም እኮ።»

«አውቃለሁ። ታማለች በላት ነው ያልኩህ።»

ጆሮ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ከእጁ የሚበልጥ ዘይት ጨርቁ ላይ ስለነበረ ጠረጋው ምንም አልፈየደ። «እማማ፣ ለጋሼ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ሌላው ነገር እንጃ፣ ስለ መኪና ግን አንድ ቀን አልዋሸኋቸውም። ለልጅ ልጃቸው አልጀምርም።» የእማማ ፊት ሲጨልም አየና ቶሎ ቀጠለ። «እንዲህ እናድርግ። ቅዳሜ ሁለቱንም ዳገቱ ላይ እናወጣቸዋለን። እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ። ሁለቱን አይተው ‹ግራጫዋ ትቅር› ካሉ፣ ‹ነጯን ውሰጂ› እላታለሁ። እሱ ምክር ነው እንጂ ውሸት አይደለም። የኔን ምክር ደግሞ አትጥልም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

እማማ ነገሩ እንዲህ ይቀልልኛል ብለው አላሰቡም። ቅዳሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሄድ፣ ተመልሶ «ትቅር» ማለት፣ አለቀ። አቀበቷን ሲመለሱ አንዴም ሳያርፉ ወጧት።

ቅዳሜ ጆሮ አራት ጆንያ አሸዋ ነጯ ላይ ጫነ። «ሰውም ዕቃም ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አላት ልጅቱን። «ባዶዋን ከሆነማ የትኛዋም መኪና ጀግና ናት።» ራሱ ከፊት ተቀመጠ፤ እማማ ከኋላ የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

ሜዳው ላይ ነጯ ሸጋ ነበረች። «እንዴት ጨዋ ናት» አሉ እማማ። ዳገቱ ጀመረ። ልጅቱ ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ አወረደች። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ከቦታዋ የተነቃነቀች አትመስልም፤ መንገድ ዳር ያለ አንድ ድንጋይ እማማን ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆየ። ዞር ቢሉ የኋላው መስታወት በብረት ተሞልቷል። አሸዋ ሊጭን ባዶውን የሚወጣ ገልባጭ መኪና ነው፤ ጥርሱን አግጥጦ ትንፋሹ አንገታቸው ላይ የደረሰ መሰላቸው። ጥሩንባውን ነፋ። ደገመ።

«ጥግ ልያዝለት?» አለች ልጅቱ።

«ጥጉ ገደል ነው» አለ ጆሮ።

ገልባጩ ትዕግሥቱ አለቀና ኩርባው ላይ ሊቀድም ወጣ። ከላይ አውቶቡስ ብቅ አለ። ገልባጩ ተመልሶ አፍንጫቸው ሥር ገባ፤ ልጅቱ ፍሬን ያዘች፤ ጆንያዎቹ ተንሸራተው የእማማን ወንበር ከጀርባ ገፉት። አውቶቡሱ በጎናቸው አለፈ። እማማ አንድ ነገር ሲመላለስባቸው ቆየ፦ ቀስ ያልነው እኛ፣ ልናልቅ የነበርነውም እኛ።

ተመልሰው ጆንያዎቹን ግራጫዋ ላይ ጫኑ። ያው ዳገት፣ ያው ኩርባ። ይቺኛዋ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆና ወጣች፤ ከጫጫታ ይልቅ ቀጭን ፉጨት ነበራት። ሌላ ገልባጭ ከኋላ መጣ፤ ግን ሩቅ ነበር፣ ሩቅ እንደሆነም ቀረ።

«ፍጥነቷ ስንት ነው?» አሉ እማማ።

«ሃምሳ።»

«ነጯስ?»

«ሃያ አምስት ነበረች።»

እማማ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «ይቺ ቱርቦ የምትሉት ምንድን ናት ግን?»

ጆሮ ወደ ኋላ ዞረ። «ወናፍ ያውቃሉ? እንደሱ ናት። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ማራገቢያ ያዞራል፤ ማራገቢያዋ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ትነፋለች። እሳቱ ይበረታል፤ ዳገት ሲመጣ አትደክምም።»

«የሚባክነውን ጭስ ሥራ ማስያዝ ነዋ።»

«እንደሱ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ቁጠባ ነው እንጂ ፍጥነት ማን አለው?» አሉ እማማ፣ እስካሁን ፍጥነት ነው ያለው ሌላ ሰው ይመስል።

ጋራዡ ደረሱ። ልጅቱ ግራጫዋን ከነጯ ጎን አቆመችና እጇም እግሯም የለመደውን ሠራ። ቩም፣ ቩም። ቀጥ። የእማማ ትከሻ እንደ ወትሮው ዝቅ አለ። ጆሮ ግን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

«ምነው ልጄ» አለ። «ይቺን እንዲህ አይደለም። ማራገቢያዋ በደቂቃ መቶ ሺህ ጊዜ ልትዞር ትችላለች። የማያቃጥላት ዘይቱ ነው፤ ዘይቱን የሚገፋላት ደግሞ ሞተሩ። አንቺ አስጓርተሽ ስታጠፊ እሷ እየበረረች ዘይቱ ይቆምባታል፤ በደረቁ ትዞራለች። አንድ ቀን ምንም አትሆንም። በየቀኑ ከሆነ ግን ዕድሜዋን ታሳጥሪዋለሽ። የጋሼ መኪና ይቺ ነገር ስላልነበራት ነው ጠባያቸውን የቻለችው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ማስጓራቱን ተዪ። ዳገት ወጥተሽ ስትቆሚ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳትሰጪ ዝም ብሎ ይሥራ፤ ከዚያ ታጠፊያለሽ። ጤና ጣቢያው ሜዳ ላይ ነው፣ የመጨረሻውን መንገድ ቀስ ካልሽ ቀዝቅዛ ትደርሳለች፤ ዘለሽ ብትወርጂም ግድ የለም። የእናንተ በር ግን አቀበቱ አናት ላይ ነው።»

ልጅቱ እጇን ከመሪው ላይ አነሣች። ከዚያ ቁልፉን ነቀለች። «እንግዲያው ነጯን እወስዳለሁ።»

«ለሁለት ደቂቃ ብለሽ?»

«ሁለት ደቂቃው አይደለም። ማስጓራቱ ነው። ለራሴ መሰለህ የማደርገው?» በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። «አንድ ቀን የሰው መኪና በር ላይ አቁሜ ሳላስጓራ አጠፋሁ፤ ጎረቤት ቤት ገብቼ ሰላም ስባባል ትንሽ ቆየሁ። እማዬ እኔን ፍለጋ በነጠላ ጫማ እስከ ዋናው መንገድ ወርዳ ነው ያገኘኋት። ያቺን ድምፅ ካልሰማች ውሃ አይወርድላትም።»

ጆሮ ወደ እማማ አየ። የሐሙሱን ቃሉን አልረሳም።

እማማ ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር። የሐሙሱ ልመናቸው ያለ ውሸት፣ ያለ ምክር፣ በልጅቱ በራሷ አፍ ተፈጽሟል። አፋቸውን ሊዘጉ አሰቡ፤ ግን ያ በብረት የተሞላ መስታወት መጣባቸው። ይቺ ልጅ ለኔ ጆሮ ብላ በሳምንት አራት ቀን ጀርባዋን ለገልባጭ ልትሰጥ ነው።

«ግራጫዋን ውሰጂ» አሉ።

«እማዬ?»

«ግራጫዋን ነው ያልኩሽ። ማስጓራቱ ይቅር። አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ጠግቤዋለሁ።» አልጠገቡትም ነበር። «ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው፤ ሐሙስ እዚህ መጥቼ ግራጫዋ ታማለች ብለህ ዋሽልኝ ብዬው ነበር። እምቢ አለኝ።»

ልጅቱ ወደ ጆሮ ዞረች። ጆሮ ድንገት ሥራ በዝቶበት፣ ከመኪናው ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ደግኖ ነበር።

«የጠፋ ሞተር ነው የምታዳምጠው» አለችው ወርዳ።

«ለዚህ ነው የማይሰማኝ» አለ።

ልጅቱ ለእማማ በሩን ከፈተችላቸው። ፊቷ ሊቆጣ አስቦ አልሆነለትም። «ዋሽቶ ማስታረቅ ሲባል ሰምቻለሁ። ዋሽቶ መኪና ማስገዛት ግን ባንቺ ተጀመረ።»

«አልተሳካም እኮ» አሉ እማማ፣ እንደ ማጽናናት ብለው።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ጆሮ አንድ የአየር ቧንቧ ፈታና ጠራቸው። «ይምጡ እማማ፤ ማራገቢያዋን በጣትዎ ያዙሯት። እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲገፏት የምትወላገድ ከሆነ በሽተኛ ናት።» እማማ ጣታቸውን ሰደዱ። ከሻይ ስኒ አፍ የማትበልጥ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ አበባ የተቀረጸች ብረት ነበረች። ገፏት፤ አልተወላገደችም። አዞሯት፤ ያለ ድምፅ ዞረች።

«ይቺ ናት ያስፈራችኝ?» አሉ፤ ደግመውም አዞሯት።

ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ እማማ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ። መኪና አቀበቷን ወጣች፤ በሩ ላይ ቆመች። ልባቸው እንደ ልማዱ ሁለቱን ጩኸት ጠበቀ። አልመጣም። ቢላዋው በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሰሙት፦ ሞተሩ አልጠፋም፤ ዝቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ይሠራል። ሰውየው ሁለቴ አስጓርተው ዝም ይሉ ነበር፤ ይሄኛው «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ይቆያል።

በነጠላ ጫማቸው ወጡ። ወደ ዋናው መንገድ ሳይሆን ሦስት እርምጃ ብቻ። የፊቱን በር ከፍተው ከልጅቱ ጎን ተቀመጡ።

«ገና አንድ ደቂቃ ይቀራል» አለች። ራሷን ወንበሩ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች። እማማ ይቺን ልጅ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ቁጭ ብላ አይተዋት አያውቁም።

«ምን ዋልሽ?»

«መንታ። ሁለቱም ሲወጡ አለቀሱ።»

«እናትየውስ?»

«ደኅና ናት።»

«ገልባጩስ?»

«ከኋላዬ ነበር። ሩቅ።»

እማማ እጃቸው ሽንኩርት እንደሸተተ ጭናቸው ላይ አሳረፉት። የጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ። መኪናዋ በዝግታ ትንቀጠቀጣለች። ልጅቱ ሰዓቷን አየችና እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች።

«ምናልባት...» አሉ እማማ።

ልጅቱ በአንድ ዓይኗ አየቻቸው። «ምናልባት ምን?»

«ምናልባት ሦስት ደቂቃ ብናደርግላት ለሞተሩ ይሻላል።»

ልጅቱ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች።