በጉማ የተገኘ መንጃ ፈቃድ

መኪና መንዳት ያስተማረኝ ወንድሜን የገደለው ሰው ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ፊቴን ያያሉ፤ አንድ ነገር ይጠብቃሉ። ፊቴ ላይ ግን ምንም የለም። ያኔም አልነበረም።

ወንድሜ በንቲ የሞተው በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ለቡ ላይ፣ ከቤታችን በታች በሚያልፈው የጅማ መንገድ ነው። ጭድ የጫኑ አህዮች እየነዳ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ ከወሊሶ እህል ጭኖ የሚመጣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ከኋላው ገጨው። ሾፌሩ አልቆመም። በዚያ ዘመን ሾፌሮች እርስ በርሳቸው የሚመካከሩት ምክር ነበር፦ ሰው ከገጨህ አትቁም፤ አገሬው ደርሶ በድንጋይ ሳይፈጅህ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገብተህ እጅህን ስጥ። ሾፌሩ ገሠሠም እንዲሁ አደረገ። እጁን ሰጠ፤ ታሰረ። በንቲን ያገኘችው ውሃ ልትቀዳ የወረደች ገዲሴ የምትባል ጎረቤታችን ናት። ስትደርስ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ውሃ ለመናት። ወንዝ ወርዳ ቀድታ እስክትመለስ አለቀ።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። በእኛ በኦሮሞዎቹ ወግ ነፍስ ያጠፋ ሰው ጉማ ይከፍላል፤ ደሙ እንዲደርቅ፣ ሁለቱ ወገኖች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዳይጋደሉ። ገሠሠ የመንዝ ሰው ነው። ጉማን የሚያውቀው በወሬ ቢሆንም፣ ከእስር ሲወጣ መጥቶ ሽማግሌ በሚቀመጥበት ኦዳ ዛፍ ሥር አንገቱን ደፍቶ ቆመና "ከብት እከፍላለሁ" አለ። ሽማግሌው ኦቦ ሂርጳ ወደ እናቴ ወደ ቡዜ ዞሩ።

"ከብት አልፈልግም" አለች እናቴ። "ላሟን ባለብኩ ቁጥር ልጄን ልጠጣው ነው?"



"የበላን መኪና ነው፤ መኪና ያብላን። ይኼን ልጅ ሾፌር ያድርገው" ብላ ቀጠለችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጉማ ሰምተው አያውቁም። ኦቦ ሂርጳ ጺማቸውን አሻሹና "ጉማ የጠፋውን እጅ መተካት ነው፤ ያለችው ያስኬዳል" አሉ። ተፈረደ። ሮበሌ መንጃ ፈቃድ ሲያገኝ ጉማው ያልቃል፤ ካላገኘ ግን ደሙ እንዳልደረቀ ይቆጠራል። ሮበሌ ማለት እኔ ነኝ። የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም እሺ እል ነበር፤ በዚያ ሰሞን ብላ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተኛ ሲሉኝ እተኛለሁ።

በየማለዳው ከለቡ ተነሥቼ በእግሬ ነፋስ ስልክ፣ መኪናው ወደሚያድርበት ጋራዥ እሄዳለሁ። መኪናውን አጥባለሁ፣ ዘይት አያለሁ፣ ጎማ እመታለሁ። ገሠሠ ይመጣና "ግባ" ይለኛል። ጋቢና እገባለሁ። ከወንድሜ ገዳይ ጎን ቁጭ ብዬ ወሊሶ ደርሼ እመለሳለሁ። በስሙ አልጠራውም፣ ጋሼም አልለውም። ስፈልገው እስኪያየኝ ድረስ ፊቱ እገተራለሁ። እጠላው እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። ውርጭ ላይ ያደረ እግር ቢቆነጥጡት አይሰማውም፤ እኔም ራሴን ቆንጥጬ ተውኩት።

አማርኛ የማውቀው ለጭድ ገበያ የሚበቃ ያህል ነበር፤ ጨምር፣ አይሆንም፣ ውሰደው። ገሠሠም ኦሮምኛውን የለቀመው ከመንገድ ነው፤ ከሻይ ቤትና ጎማ ከሚለጠፍበት አያልፍም። መኪናው ደግሞ የሁለታችንንም አይናገርም። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹ፣ ጋቢናው ሁሉ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ስም ነው የሚጠራው። እዚያ ላይ እኩል ነበርን። እጄ ቶሎ ለመደ። ማሳ ላይ በሬ የጠመደ ሰው ሸክም የያዘ ነገር መቼ እንደሚለግም ይገባዋል። የጋራዡ መካኒክ አብዶ ግን አላሳርፍ አለኝ።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይለኛል ከመኪናው ሥር ተኝቶ። "አንተ ይህችን መኪና ሳትወርሳት አትቀርም!"

አስቸጋሪው የቃል ፈተናው ነበር። በአማርኛ ነው የሚጠየቀው፤ በአማርኛ ነው የሚመለሰው። ገሠሠ እየነዳ ያስጠናኛል።

"መታጠፊያ ላይ ስትደርስ?"

"ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ክላክስ አሰማለሁ።"

"ዳገት ላይ ብትቆም?"

"የእጅ ፍሬን እይዛለሁ፤ ማርሽ አስገባለሁ፤ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደርጋለሁ።"

ትርጉሙ ሳይገባኝ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ትርጉሙ በኋላ ቀስ እያለ መጣ። ክረምቱ ሲወጣ በአማርኛ ቀልድ እሰማ ነበር፤ አልስቅም እንጂ። ገሠሠ ደግ አስተማሪ ነበር፤ ይህንን ልክድ አልችልም። አይጮህም። ስሳሳት መሪውን ከእጄ አይነጥቅም። ከለቡ በታች ያቺ ቦታ ላይ ስንደርስ ብቻ ዳገት ሳይኖር ማርሽ ይቀይራል፤ መኪናው ይጮሃል፤ እንደዚያው ሆነን እናልፋለን።

አንድ ቀን አብዶ ምን ምን እንዳጠናሁ ጠየቀኝ። ዘረዘርኩለት።

"ሰው ብትገጭ ምን ታደርጋለህ የሚለውስ?"

"እሱን አላስጠናኝም።"

አብዶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ገሠሠ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሱ እኮ የማይቀር ጥያቄ ነው ወንድም! በል ያዝ፦ መኪናዬን አቆማለሁ፤ የተጎዳውን አንስቼ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ፤ ከዚያ ለፖሊስ አስታውቃለሁ።"

ያዝኩ። መኪናውን ሳጥብ ደገምኩት፣ ወደ ቤት ስሄድ ደገምኩት። መጀመሪያ ማቆም ነው፤ ፖሊስ መጨረሻ ነው። በማግስቱ መንገድ ላይ "ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም ወይ?" አልኩት ገሠሠን። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። "አንተ ጎበዝ ነህ፤ ይበቃሃል" ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

የፈተናው ቀን መኪናውን ይዘን ሄድን። የመንዳቱን ፈተና በደህና አለፍኩ፤ ዳገት ላይ አስቁመው አስነሡኝ፣ ወደ ኋላ አልተንሸራተትኩም። ለቃሉ ወደ ቢሮ አስገቡኝ። ገሠሠ ከውጭ በሩ አጠገብ ቆመ። ፈታኙ አንድ የመቶ አለቃ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጠይቁ የዋሉ፣ ዓይናቸው የደከመ። የመታጠፊያውን ጠየቁኝ፣ መለስኩ። የዳገቱን ጠየቁኝ፣ መለስኩ። የድልድዩን፣ የከብቱን፣ የጭጋጉን ሁሉ መለስኩ።

"ሰው ብትገጭ ምን ታደርጋለህ?"

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ጥርሴ ላይ ደርሷል። አላወጣሁትም።

ለምን እንዳላወጣሁት ኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። በቀል አይመስለኝም፤ ለበቀል ሙቀት ያስፈልጋል፣ እኔ ግን ቀዝቅዤ ነበር። ጥያቄውን ከገሠሠ አፍ መስማት ፈለግሁ፤ ይኸው ነው።

"አልሰማህም?" አሉ መቶ አለቃው።

ዝም አልኩ።

"እስካሁን እንደ ጠበቃ ስትመልስ አልነበረም እንዴ? አማርኛው አለቀብህ?"

አሁንም ዝም። ብዕራቸውን አነሡ። ብወድቅ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ ጉማው ክፍት ይቀራል፣ እናቴ ኦዳው ሥር እንደገና ትቆማለች፣ ሁላችንም ያንን ሞት እንደ አዲስ እንሸከማለን። ቢሆንም አፌ አልተከፈተም። መቶ አለቃው ግን ክፉ ሰው አልነበሩም።

"የሚተረጉምልህ ሰው አለ?"

ጣቴን ወደ በሩ ቀሰርኩ።

ገሠሠ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። "ሰው ቢገጭ ምን እንደሚያደርግ በቋንቋው ጠይቅልኝ" አሉት። ገሠሠ እኔን አየኝ። ከዚያ መሬቱን አየ።

"ጌታዬ፣ ሌላ ጥያቄ ቢሆን..."

"ጠይቀው እንጂ! ከውጭ ገና ስንት ሰው ይጠብቀኛል።"

በዚያ በሻይ ቤት ኦሮምኛው ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አቋረጠው። "ሰው... ሰው ብትገጭ... ምን ታደርጋለህ?"

በኦሮምኛ መለስኩለት። እንዲገባው ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

"እወርዳለሁ። አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። ራሱን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። ውሃ ከለመነኝ ለራዲያተሩ ከያዝኩት ውሃ አጠጣዋለሁ። አገሩ በሙሉ ድንጋይ ይዞ ቢመጣም ብቻውን እንዲሞት ትቼው አልሄድም።"

ገሠሠ ባርኔጣውን ጨመቀው። በንቲ ውሃ መለመኑን እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር፤ የነገረው የለም፣ እሱም ጠይቆ አያውቅም። አሁን ግን ሳልነግረው ገባው።

"ምን አለ?" አሉ መቶ አለቃው።

ሌላ ነገር ማለት ይችል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለታችን በቀር ኦሮምኛ የሚሰማ አልነበረም። "አቆማለሁ፣ ሐኪም ቤት እወስዳለሁ ነው የሚለው" ብሎ መገላገል ይችል ነበር። ገሠሠ ግን አንድም ሳያስቀር ተረጎመው፤ መውረዱን፣ መቀመጡን፣ ጭኑን። "ለራዲያተሩ ከያዝኩት" የሚለው ላይ ቆመ፤ እንደገና ጀምሮ ጨረሰው።

መቶ አለቃው ብዕራቸውን አወረዱ። "ደግ ነው። ሰው ሲሆን እንዲህ ነው። ግን ሐኪም ቤቱና ፖሊሱ የት ገቡ?"

ያን ጊዜ በአማርኛ "ከዚያ አንስቼ ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ ለፖሊስ አስታውቃለሁ" አልኩ።

"ምን ያለው ነው ይኼ! አማርኛው ከየት መጣ?" ብለው ሳቁ፤ መንጃ ፈቃዴን ፈርመው፣ ማኅተም መትተው ሰጡኝ።

ገሠሠ አልሳቀም። ከቢሮው ወጥተን ወደ መኪናው ሄድን። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

"መልሱን ታውቀው ነበር።"

"አውቀው ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። "አልፈርድብህም፤ እኔ ብሆንም እንዲያ አደርግ ነበር" አለ። ከዚያ ደግሞ በኦሮምኛ፣ በዚያው በተሰባበረው፣ "ሌሊት ሌሊት የማያስተኛኝን ነገር ዛሬ በቀን አስጠየቅኸኝ" አለኝ።

"ለሽማግሌዎቹ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ጉማው አለቀ" አለ።

"አለቀ" አልኩ።

ባርኔጣውን አጥልቆ፣ መኪናውን ለእኔ ትቶ መንገዱን ተሻገረ። እኔ መኪናው መርገጫ ላይ ቁጭ አልኩ፤ መንጃ ፈቃዱ እጄ ላይ ነው፤ ፎቶዬ ላይ ማኅተም አርፎበታል።

እስከዚያ ቀን ድረስ የበንቲ ሞት ሥራ ነበር። በየማለዳው የምነሣለት፣ የማጥበው፣ ዘይት የማይለት፣ በአማርኛ የማጠናው ሥራ። ሰው ሥራ ላይ እያለ አያለቅስም። አሁን ሥራው አለቀ። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም። የቀረው በንቲ መሞቱ ብቻ ነው። ወንድሜ ሞቷል፤ አይመለስም፤ ለእሱ ብዬ የምሠራው አንድም ነገር አልቀረኝም። ቀብሩ ላይ ያላወጣሁት ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እዚያው መርገጫው ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ እየጮህኩ አለቀስኩ።

የቢሮው ደጅ በፈተና የወደቁ ሰዎች ሞልተውበት ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰውዬ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"አይዞህ ወንድሜ" አለኝ። "እኔም ስንቴ ወድቄያለሁ። በሚመጣው ታልፋለህ።"