ለመስፍን የተቋጠረ ቅመም

የውብዳር እንደ ሰሞኑ ሁሉ አንድ ሰዓት ላይ ፊቷን ታጥባ ከእንግዳ ማረፊያው ወጣች። መንገዱን ተሻግራ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ፓርቫቲ ምግብ ቤት ገባችና የተለመደው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የሙዝ ቅጠል ተነጠፈላት። ውሃ ረጨት አድርጋ በእጇ ጠረገችው። ቅጠሉ ትኩስ ነገር ሲያርፍበት በኮባ የተጋገረ ዳቦ ይሸታታል፤ ሰባቱንም ቀን እንዲሁ ነበር።

ቁርሷ ኢድሊ ገና ከእንፋሎት ሳይወጣ ስልኳ ጮኸ። ልጇ አቤል ነው፤ አሜሪካ፣ ኦበርን ከተማ ከሚሠራበት መጋዘን መውጣቱ ነው፣ እዚያ ገና የትናንት ማታ ነው።

"ማሚ፣ ስቶማክሽ ኦኬ ነው?"

"ምን ይሆናል? ካንተ በርገር ይሻላል።"

"ሶ፣ ላንድ ስታደርጊ ኮል አድርጊኝ፣ መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ።"

"እሺ። በልተሃል?"

"አይ ዊል፣ ማሚ። ባይ።"

ወደዚህች የደቡብ ሕንድ፣ የታሚል ናዱ ትንሽ ከተማ የላከቻት፣ ሲያትል ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ አብራት የምትሠራ የዚህችው ከተማ ተወላጅ ናት። "ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት አልወጣሽም። እኔ መሄድ ካልቻልኩ አንቺ ሄደሽ ብዪልኝ" አለቻት። የውብዳርም መጣች፤ በላች። ከተፈጨ ሩዝና ጥራጥሬ ተቦክቶ፣ ሌሊቱን ኮምጥጦ፣ በእንፋሎት የሚበስለው ኢድሊ ለእንጀራ በላ ሰው ባዕድ አልሆነም። ሳምባር የሚሉት ቅመም የበዛበት የምስር መረቅ ደግሞ ጾም ስለሆነ ቅቤ ሳይነካው ለብቻዋ ይቀዳላታል።

የምትቀዳላት ፓርቫቲ ስልሳ ያለፋት፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ዓመት ሠርታ እንግሊዝኛ የለመደች ሴት ናት። ደንበኛው ሁሉ "አካ" ይላታል፤ እትዬ እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን "ባልሽስ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ሲያትል ነው። ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል።"

ውሸቷን ነው። መስፍን እስከ ሞተበት ሳምንት ታክሲ ነድቷል፤ አሁን ግን አይነዳም። ከንፈር ሲመጠጥላት አትወድም። ሰው የማያውቃት አገር መጥታም ያንን ድምፅ መስማት አልፈለገችም። ከዚያ ወዲህ ግን ፓርቫቲ በየጠዋቱ "ባልሽ በልቷል?" ትላለች፤ አገሩ ሰላምታ የሚለዋወጠው በልተሃል ወይ እየተባባለ ነው። የውብዳርም "በልቷል" እያለች ትመልሳለች።

ዛሬ የመጨረሻዋ ቀን ነው፤ አውቶቡሷ ከቀትር በፊት ይነሳል። ፓርቫቲ ኢድሊውን አውጥታ መረቁን ከቀዳች በኋላ ከመደርደሪያ አንድ ቋጠሮ አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

"ይሄ የባልሽ ነው።"

"ምንድን ነው አካ?"

"ምስርና በርበሬ ተቆልቶ የተወቀጠ። ትናንት ስወቅጥ ነው የዋልኩት፤ ክንዴን እዪው! ታክሲ የሚነዳ ሰው በሰዓቱ አይበላም። ሩዝ ላይ ነስነስ ያድርገው። ቅቤ የለው፣ ምን የለው፤ ለጾማችሁ ብዬ።"

ውሸቱ እስከ ትናንት ክብደት አልነበረውም። አሁን ግማሽ ኪሎ ሆኖ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ብትወስደው ይህችን ደግ ሴት ማታለል ነው። ብትናገር ደግሞ ሰባቱን ጠዋት ስትዋሻት መክረሟን መናዘዝ ነው። እጇ ግን ቀደማት፤ ኢድሊውን ቆረሰች፣ መረቁ ውስጥ ነከረች፣ ጠቅልላ ብድግ አለችና ወደ ፓርቫቲ አፍ ዘረጋች።

ፓርቫቲ አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች። ጉርሻው መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ መረቁ በየውብዳር ክንድ ላይ ወረደ።

"አሜሪካ ሒሳብ የሚከፈለው እንዲህ ነው እንዴ?" አለ አጠገቧ የተቀመጠ አስተማሪ፤ ሰዉ ሳቀ።

"ዝም በል አንተ!" አለችው ፓርቫቲ። ወደ የውብዳር ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እህቴ፣ እኛ ዘንድ ሰው ከበላበት ቅጠል ለሌላ አይሰጥም። ምራቅ ነክቶታል ይባላል።"

"ይቅርታ አካ። እኛ ያከበርነውን ሰው እናጎርሳለን። አላሰብኩትም።"

ፓርቫቲ ወደ ጓዳ ገብታ በመረቅ የታሸ ሩዝ በድስት ይዛ ወጣች፤ በጣቶቿ አድበልብላ የየውብዳር መዳፍ ላይ አኖረች።

"ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲህ ነው። ከድስቱ ወደ እጃቸው። ብዪ።"

የውብዳር በላች። ኮምጠጥ፣ ፋጀት ይላል። ፓርቫቲ ሁለተኛ አደረገችላት፤ ያንንም በላች። ሰው በእጁ ካበላት ቆይቷል።

"አንቺ አገርሽ ማንን ነው እንዲህ የምታጎርሺው?"

"ባሌን ነበር።"

የፓርቫቲ እጅ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

"ታክሲ አይነዳም አካ። ሞቷል። ዋሸሁዎት።"

ፓርቫቲ ከንፈሯን አልመጠጠችም። ምግብ በሚቀርብበት ሰዓት ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት ድስቱን አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ከኋላ አንዱ መረቅ እንዲጨመርለት ቢጣራም ዞር አላለችም።

"ስሙ ማን ነበር?"

"መስፍን።"

"የሚያቃጥል ይወድ ነበር?"

"ዓይኑ እስኪያለቅስ።"

"እንግዲያው አወቃቀጡን አውቄበታለሁ" አለች ፓርቫቲ።

የውብዳር ቋጠሮውን ልትመልስላት አነሳችው። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች፤ እዚያው ፈታችውና ከቅመሙ የራሷ ቅጠል ላይ ነሰነሰች። የቀረውን ኢድሊ እያስነካች እስከ መጨረሻው በላች።

ቅመሙ እጅግ ይጣፍጣል። ይህን የምትነግረው መስፍን የለም።