በፑርናካጂ ግቢ የተደፈነው ጉድጓድ

ናኒማያ የፑርናካጂን ዓይን ማየት አትወድም፤ ዛሬ ግን ባልዲና ገመዷን ይዛ፣ ሦስት የሰፈር ጎረምሶች አስከትላ ግቢው ውስጥ ቆማለች። የልጅ ልጇን ሆዷን ካመማት ወር ሊሞላ ነው። አዲሱ የከተማ ቧንቧ እነሱ ሰፈር ሲደርስ አየር ብቻ ይተፋል። የቦቴ ውሃ ነው ያሳመማት ብላ፣ ከዚያ ወዲህ ልጅቱን የምታጠጣት ከራሷ ግቢ ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ ያቺ ጉድጓድም በበጋ እየነጠፈች አስቸገረች። በፓታን ከተማ ይህን ሰፈር ሁሉ ያጠጣ የነበረው ትልቁ ጉድጓድ ግን ፑርናካጂ ግቢ ነው። ይሄ ሆዳም የሚከራይ ፎቅ ሲሠራ ሲሚንቶ ደፈነበትና "ደርቋል" ብሎ ቁጭ አለ።

በሰፈሩ እምነት ጉድጓድ የሚጠረገው በዓመት አንድ ቀን፣ ጠባቂዎቹ እባቦች ለበዓላቸው ከውስጡ ሲወጡ ነው፤ በሌላ ቀን የነካ ቁጣቸውን ይቀበላል። ፑርናካጂ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሲያመካኝ ከረመ። ቀኑ ዛሬ ነው፤ ምክንያቱ አለቀበት።

"ደረቀ አልኩሽ እኮ፣ ሴትዮ።"

"ከደረቀ ምን አስፈራህ? ክፈተውና አቧራውን እንየው።"

"ተከራዮቼን ትረብሻለሽ።"

"ተከራዮችህ ውሃ አይጠጡም? ወይስ እንዳንተ የሰው ደም ነው የለመዱት?"

ጎረምሶቹ ሳቁ። ፑርናካጂ በንዴት ጦፈ። "አፍሽን ሰብስቢ። ባልሽም እንዳንቺ ለፍላፊ ነበር፤ ምን አተረፈ?"

የሞተ ባሏን ባያነሳ ይሻለው ነበር። ናኒማያ ዲጅኖ ወደያዘው ጎረምሳ ዞረችና "በለው" አለች።

ሲሚንቶው ሲፈነከት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ጎረምሳው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከፎቁ ሽንት ቤቶች የወረደ ወፍራም ቱቦ አፉን ጉድጓዱ ውስጥ ከፍቷል። ለሽንት ቤት ሌላ ጉድጓድ ማስቆፈር ከብዶት ነው እንግዲህ።

"ታዲያ የት ላድርገው?" አለ ፑርናካጂ፣ ድምፁ ወርዶ። "ደርቋል፣ ማን ይጠጣዋል ብዬ ነው።"

አልደረቀም። ከታች ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

ናኒማያ ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ስድብ አጥታ አታውቅም። ግን ዓይኗ ወደ ራሷ ግቢ አጥር ዞረ። የዚህ ሰፈር ጉድጓዶች ምንጫቸው አንድ ነው፤ ትልቁ ሲጎድል የእሷም ይጎድላል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ከአጥሩ ወዲያ የእሷ ጉድጓድ መዘውር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ምራቷ ለልጅቱ እየቀዳች ነው።

ገመዱን ጥላ "ድፊው፣ አንቺ፣ ድፊው" እያለች ሮጠች። ስትደርስ ልጅቱ ኩባያውን አጋምሳው ነበር።