የአባዬ መላጊያዎች

ወንድሜ አባዬን ጓንት አስለበሰው። ከዚህ ልጀምር፣ ቆሽቴ ያረረው እዚህ ላይ ስለሆነ።

አባዬ አናጺ ነው። አርባ ዓመት ሲሠራ አንድ ሱስ ብቻ ነበረበት፤ የቆየ የእንጨት መላጊያ ካየ አያልፍም። ጡረታ ከወጣ አናጺ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ ከየትም ከየትም ብሎ ሃያ ሦስት ሰበሰበ። እናታችን በሕይወት ሳለች "የሰው ባል ሚስት ይደርባል፣ የኔው መላጊያ" እያለች ትስቅበት ነበር።

ግን አንዱንም ለጌጥ አላስቀመጠም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንዱን በተራ ያነሳል፣ ምላጩን ይስላል፣ ሞርሳ ላይ የታሰረ ጣውላ ይልግበታል። ፍቅፋቂው ሳይቆራረጥ ከወጣ ዘይት ነካ አድርጎ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። ተራው የሚዘለል መላጊያ አልነበረም። ሙያውን ከሱ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ወርክሾፑን የያዝኩትም እኔው። ወንድም ጋሼ ግን የኢንሹራንስ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሚስማር ምታ ቢሉት አውራ ጣቱን የሚመታ ሰው ነው።

አባዬ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ ቅዳሜውን አልተወም። መላጊያዎቹን በእጁ ያውቃቸዋል። እጀታው ላይ ያለውን ጭረት፣ የድሮ ባለቤቱ አውራ ጣት የጎደጎደውን ቦታ ይዳስስና "ይሄ የዚያ ቁጡው ሽማግሌ ነው፤ ይሄኛው እያለቀሰ የሸጠልኝ ሰውዬ" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

ከአራት ወር በፊት ደረጃ ላይ ወደቀ። የምንኖረው ከወርክሾፑ በላይ ስለሆነ ወንድም ጋሼ "ይሄ ደረጃ ይገድለዋል" ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደው። እውነቱን ነው፣ አልተከራከርኩም። በሳምንቱ እኔ በር ልገጥም በሄድኩበት መጥቶ ሃያ ሦስቱንም መላጊያ መኪናው ላይ ጫነ። "አጠገቡ ይሁኑለት ብዬ ነው" አለኝ። እኔ ሞኟ አመሰገንኩት።

ባለፈው ሳምንት አባዬ ደወለ።

"ልጄ፣ እጄ ሥራ ፈታ። አንዷን መላጊያ ይዤ እንድቀመጥ ወንድምሽን ለምኚልኝ።"

"እዚያው አንተ ጋ አይደሉም እንዴ?"

"ናቸው። ግን ሲያሻው ነው የሚያወጣልኝ፣ እሱም በጓንት።"

እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባዬ አንድ መላጊያ በባዶ እጁ እንዲይዝ።

ሳሎኑ ሙዚየም ሆኗል። ግድግዳው ሙሉ መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ቀይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ መላጊያዎቹ፣ ከእያንዳንዳቸው በላይ ትንሽ አምፖል። የወንድሜ ሦስት የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ቆመው ያደንቃሉ። አባዬ ደግሞ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙረው አስቀምጠውታል። ማየት የማይችለውን ሰው! ነጭ ጓንት የለበሱ እጆቹ ጭኑ ላይ ተጋድመዋል። ደሜ ፈላ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

"የእጅ ላብ እንጨቱን ይበላዋል" አለ ወንድም ጋሼ፣ ኮራ ብሎ። "ሰብሳቢዎች እንዲህ ነው የሚይዙት፣ ጠይቄያለሁ።"

"ሰብሳቢው ያውና ተቀምጧል። እሱን ጠየቅከው?"

"ቀስ በይ፣ ሰው አለ።"

"እሱስ ሰው አይደለም?"

"ለክብሩ ብዬ እኮ ነው! ስንቱ እያየ እንደሚያደንቅለት ብታውቂ።"

"ሁሉም ያያል፣ ከሱ በቀር!"

ካቻቪቴ ከቦርሳዬ አይጠፋም። አወጣሁና የመስታወቱን ብሎኖች መፍታት ጀመርኩ። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ዞር ብዬ አየሁት፣ ለቀቀኝ። እንግዶቹ ጫማቸውን ማየት ያዙ። መስታወቱን ሶፋው ላይ አጋደምኩ፣ ጓንቶቹን ከአባዬ እጅ ገፈፍኩ፣ አንዱን መላጊያ አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ፈገግ አለ። ከዚያ እጀታውን ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

"ይሄ የማን ነው?"

"ያንተ ነው አባዬ።"

"የኔ አይደለም። ሌላ ስጪኝ።"

ሁለተኛውን ሰጠሁት። ሦስተኛውን። በእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አራተኛውን ሳነሳ እኔም በጣቴ ፈተሽኩት። እጀታው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ ሳሙና ልሟል። ጭረቱ በስቱኮ ተደፍኗል፣ የአውራ ጣቱ ጉድጓድ የለም። ከላዩ ቫርኒሽ፣ ምላጩም ሳይቀር ቫርኒሽ።

"ምን አደረግሃቸው?" አልኩት።

"አሳደስኳቸው። ቆሽሸው ነበር፣ ተፈነካክተው... እንዲያምሩለት ብዬ ባለሙያ አምጥቼ..."

ሌሎቹንም አቀበልኩት፤ አባዬ ሰባተኛው ላይ እጁን ሰበሰበ። የወንድሜን ድምፅ ወደሰማበት ዞረ።

"ልጄ፣ አይዞህ" አለው። "ቸግሮህ ሸጠሃቸው ከሆነ አልቆጣህም። ሰው ነህ፣ ይቸግርሃል። ግን የኔ ነው እያልክ የሌላ ሰው ዕቃ አታስይዘኝ።"

"አልሸጥኳቸውም! እነሱው ናቸው አባዬ፣ የእማዬ አጥንት ይውጋኝ!"

"በእናትህ አትማል።"

አላመነውም። ወንድሜ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ንገሪው እንጂ" አለኝ። "እህቴ፣ እውነቱን ነው በይው።"

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አባዬ እኔን ያምነኛል። እጄ ላይ የቀረውን መላጊያ ወደ ቀዩ ጨርቅ መለስኩና ዝም አልኩ። ለአባዬ አዝኜ ነው ብል ውሸታም ነኝ፤ ተናድጄ ነው።