የአራጁ ማስረጃ

የጫማችሁን ቆዳ ያስገኘው በሬ በማን እጅ እንደታረደ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አልጠየቃችሁም። ደሴ ባለ አንድ ሆስፒታል ግን አምስት የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ታቅፈው ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሁሉ የረውዳ ፊት ክፍት ቁስል ነበር።

ረውዳ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። በረመዳን፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስትጠብስ የምድጃው እግር ከዳና የፈላው ዘይት ተደፋባት። ግራ ጉንጯንና የዓይኗን ሥር እስከ ውስጥ ድረስ በላው። እናቷ ኡሙሰልማ ፒያሳ ጨርቅ ትሸጣለች። ሰው ፊት አታለቅስም፤ ያን ቀንም አላለቀሰችም።

ዶክተር ጥበቡ የሞተውን ሥጋ ጠርጎ ካነሳ በኋላ ኡሙሰልማን ወደ ጎን ጠራት።

«እናቴ፣ ከጭኗ ስስ ቆዳ ወስጄ አሁኑኑ ባለብሰው ይኮማተርና ዓይኗን ወደ ታች ይጎትተዋል። ከሥሩ የሚነጠፍ ሰው ሠራሽ ቆዳ አለ፤ ከበሬ ጅማት የተሠራ ስስ ነገር ነው። የራሷ ሥጋ ሰርጎ ይገባበታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የጭኗን ቆዳ ከላዩ እናለብሳለን። ከበጎ አድራጊ ተገኝቷል፤ እሑድ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ይገባል።»

ኡሙሰልማ ነገሩ ወዲያው ገባት። ያለ ገበር የተሰፋ ኮት እንዴት እንደሚጨማደድ ታውቃለች።

ዕቃው እሑድ ገባ። ካርቶኑ ላይ «ከከብት የተገኘ» የሚል ተለጥፏል። አምስት አባላት ያሉት የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ወንድምአገኘሁ ሰኞ ጠዋት አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ይጋባል፣ አብሮ ይቀብራል፤ ድግስ ሲሆን ግን ለየራሱ ያርዳል። ይህንን ሕፃንም ያውቀዋል። አቶ ወንድምአገኘሁ ግን የሠርግ ቤቱን ደንብ ተሸክሞ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ።

«በሬውን ማን እንዳረደው አይታወቅም» አለ። «ክርስቲያን ቢሆንስ? ታካሚዋ ሙስሊም ናት። የሃይማኖት አባት ደብዳቤ ይምጣ።»

ይህን አክብሮት ብሎ ጠራው። ስሙ ፍርሃት ነው። ዕቃው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆለፈበት። ዶክተር ጥበቡ ሊከራከር አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ቁስል ከሚሰፋባቸው ክሮች አንዳንዱ ከከብት አንጀት እንደሚሠራ ያውቃል፤ ኮሚቴው ይህን ከሰማ ምጥ የያዛት ሁሉ ደብዳቤ ልትጠየቅ ነው።

ኡሙሰልማ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርዳ ሸህ ሙሄዲን ዘንድ ቀረበች።

«ልጅቱ ትበላዋለች?» አሉ ሸሁ።

«ኧረ የለም፣ ያ ሸህ! ፊቷ ላይ ነው የሚነጠፈው።»

«ድልህም አይነካውም?»

«አይነካውም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? በሬው ከሞተ ቆየ፤ እሱን ተይውና ልጅሽን አድኚ። አብሽሪ።»

«ደብዳቤ አምጪ ይላሉ።»

ሸሁ እዚያው አራት መስመር ጻፉላት። ማክሰኞ አቶ ወንድምአገኘሁ ወረቀቱን ገለባበጠው።

«ማኅተም የለውም።»

ኡሙሰልማ ተመልሳ ወረደች። «ቢስሚላህም ማኅተም የለውም በያቸው!» አሉ ሸሁ። ሆኖም ከዘራቸውን አንስተው ማኅተም ካለበት ቢሮ ይዘዋት ሄዱ። ማኅተም ያዡ ለለቅሶ ወረኢሉ ሄዷል። ረቡዕ ተመለሰና መታላት። ኮሚቴው ግን የሚሰበሰበው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው።

ቁስል ማክሰኞን አይጠብቅም። ጠርዙ እየተሰበሰበ የታችኛውን የዓይን ቆብ ጎትቶ ገለበጠው። በዘጠነኛው ቀን ማቀዝቀዣው ተከፈተና ዶክተር ጥበቡ ያለውን አደረገ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም የጭኗን ቆዳ አለበሰ። ጉንጯ አማረ፤ ስትስቅ እንደ ጉንጭ ይታጠፋል። ዓይኗ ግን አይከደንም፤ ስትተኛም ክፍት ነው። ሌላ ቀዶ ጥገና ይቀራታል።

ባለፈው ወር ሆስፒታሉ ሕዝቡን ሰብስቦ አስተያየት ስጡን አለ። ውሃና ብስኩት ታደለ። አቶ ወንድምአገኘሁ ሃይማኖትን ስለማክበር ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ኡሙሰልማ ማይክ ተቀበለች።

«ደብዳቤ አላችሁኝ፣ አመጣሁ። ማኅተም አላችሁኝ፣ አመጣሁ። ልጄ አራት ቁጥር አልጋ ላይ ነበረች። አፏ አልተቃጠለም፤ ጆሮዋም ይሰማል። ከስብሰባ ክፍላችሁ እስከ እሷ ሃያ እርምጃ ነው።»

«እናቴ፣ እኛ እኮ ሃይማኖትዎን አክብረን...» አለ አቶ ወንድምአገኘሁ።

«ሃይማኖቴን ሸሁ ያከብሩልኛል።»

አወያዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ።»

«አይቀርብም! ማይኩንም አልሰጥም። አቶ ወንድምአገኘሁ፣ ይነሱ። ፊቱ የረውዳ ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከአምስታችሁ አንዳችሁ ሄዳችሁ እሷን ያልጠየቃችሁት ለምንድን ነው? እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ይመልሱልኝ!»