የመነኩሴው ሚስት

ሴትየዋ አልቀመጥም አለች። ጎረቤቶች ወንበር ቢስቡላትም «እዚሁ ይበቃኛል» እያለች በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፤ ስልኳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ከለቀስተኛው መካከል የሚያውቃት አልነበረም።

ሰውየው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በመጡ ወንበሮች ተጣቧል፤ ቡናው ከፔርሙዝ እየተቀዳ ይዞራል። ባለቤቱ ሶፋው ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች።

«ማናት?» አለቻት የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ።

«እኔ እንጃ።»

«ታውቂያት እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ፤ እንዲህ የምታለቅስ ሴት...» ጎረቤቲቱ የቀረውን በዓይኗ ጨረሰችው።

ነገሩ ገባት። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ባሏን የሚያውቀው ሁሉ «መነኩሴው» ነበር የሚለው። እሷም በምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ ጠዋት ካውያዋን ስታነሳ ባልደረቦቿ «የመነኩሴው ሚስት፣ ምናኔው ቤት ድረስ መጣ ወይስ እዚያው ቀረ?» እያሉ ይጫወቱባት ነበር።

ስሙ የወጣለት በኩሬዎቹ ምክንያት ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የቧንቧ ሠራተኛ ሳለ «አንዲት የውሃ መዝጊያ ጠግነህ ና» ብለው ከከተማው ውጭ ወዳለው ጫካ ላኩት። እዚያ መነኮሳት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በእጃቸው የቆፈሯቸው አምስት ኩሬዎች አሉ። ገዳሙ ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል፤ ውሃው ግን በእንጨት ቦይ ካንዱ ኩሬ ወደ ሌላው እየወረደ ዛሬም መንገዱን አልሳተም። መዝጊያዋን በግማሽ ቀን ጠገናት። ማታ ግን እራቱን ሳይነካ «ያለ አንድ ምስማር! ያለ አንድ ምስማር እኮ ነው የሠሩት!» እያለ አመሸ። ወር ሳይሞላው ማመልከቻ አስገብቶ የኩሬዎቹ ጠባቂ ሆነ።

በሥራ ቀን ቦይ ይጠርጋል፣ መዝጊያ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በእግር ለመንሸራሸር የሚመጡትን ከኩሬ ኩሬ ያዞራል። «መነኮሳቱ ዓሣ ሊያረቡበት ቆፈሩት፤ እኛ ቦርጭ ልናጠፋበት መጣን» ይላቸዋል።

ሚስቱን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነይ እንዳላት ነው። እረፍቷ እሁድ ብቻ ነበረች። «ስድስት ቀን ቆሜ ስተኩስ ከርሜ፣ በሰባተኛው ዳገት ልውጣልህ? ያለ ጉዳይ የሚሄድ እብድ ነው» ትለዋለች። እሱም አይጫናትም። ከሄደበት ሲመለስ ያየውን ይነግራታል፤ እሷም ሽንኩርቷን እየከተፈች በግማሽ ጆሮ ትሰማዋለች።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ቆቡን አድርጎ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ዛሬ ብርድ የለም። ሦስተኛው ኩሬ ዳር ቢጫው አበባ ወጥቷል። ነይ እስቲ።»

ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዋ ሳበችና «ስሞት ትወስደኛለህ» አለችው።

«ሬሳ ተሸክሜ ዳገት? አንቺ ለጉልበቴ አታስቢም!» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

አሁን ተነሥታ የማታውቃትን ሴት በክንዷ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደቻት። በሩን ዘጋችው።

«ልጄ፣ ባለቤቴን የት ታውቂዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አለች ሴትየዋ። «እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ኩሬዎቹን ልንዞር ሄደን ነበር። ሦስተኛው ኩሬ ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየናቸው። ‹ደህና ዋሉ› ብንላቸው አልመለሱልንም። ቆባቸው ዝቅ ብሏል፣ እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው መሰለን።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አምስት ሰዓት ገደማ። ስንመለስ ዘጠኝ ሆኗል፤ እንደተቀመጡ ናቸው። ልቀስቅሳቸው ስል ጓደኛዬ ‹ተዪአቸው፣ ደክሟቸው ነው› አለችኝ። ብዙ ሰው ነበር እኮ፤ ሁሉም ደህና ዋሉ እያለ ነው ያለፈው።» አፏን በእጇ ያዘች። «ማክሰኞ ነው መሞታቸውን የሰማሁት። ብቀሰቅሳቸው ኖሮስ?»

ባለቤቱ የውሃ ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆ ሞላችላት። የጫካው ዘበኛ ያገኘው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ልቡ በአንድ ጊዜ አልቆመችም፣ ቀደም ብሎ የደረሰለት ቢኖር ይተርፍ ነበር ብሏታል።

«ምንም አታደርጊለትም ነበር» አለቻት። «ወዲያው ነው ያለፈው። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

ሴትየዋ ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ፎቶ አንስቻቸው ነበር» አለች ኋላ። «ቦታው አምሮኝ። ላጥፋው ወይስ ላምጣልዎት ብዬ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት።»

ስልኩን ተቀበለቻት። ውሃው አለ፤ ቢጫው አበባም እውነትም ወጥቶ ነበር። ባሏ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይሄ ስትሄዱ ነው ወይስ ስትመለሱ?»

«ስንሄድ።»

ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። ፊቱን አይደለም፤ እጆቹን። ጣቶቹ ላላ ብለዋል። በሕይወት ይኑር አይኑር ከጣቶቹ ልታውቅ ፈልጋ ብዙ አየች፤ አላወቀችም።

በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጣ። ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ የሟቹን ታናሽ ወንድም ወደ ኮሪደሩ ጠራው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ባለቤቱ ሁሉንም ሰማች።

«ከሰኞ ጀምሮ የጣለው ዝናብ የኩሬዎቹን ግድብ አልፎ እየፈሰሰ ነው» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመዝጊያዎቹን አከፋፈት የሚያውቅ ሰው አጣን። ለጥንቃቄ ሲባል ከትናንት ጀምሮ ግድቦቹን ቀደን ውሃውን እያፈሰስነው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይጠናል።»

«‹ይጠናል› የተባለ ነገር ሲነሣ አይቼ አላውቅም» አለ ወንድሙ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ስጡኝ ላስተምር እያለ አልጻፈላችሁም?»

«እሱን አሁን ባናነሣው። ለቅሶ ቤት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ባለቤቱ ወንድምየውን «ውሰደኝ» አለችው።

«የት?»

«ኩሬው ጋ።»

«እትዬ፣ አሁን ሄደሽ የሚታይ ነገር የለም።»

«ቢሆንም።»

ዳገቱ እሷ እንዳሰበችው አልነበረም፤ ያን ያህል አይከብድም። ሦስቴ ብቻ አረፈች። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አበሸቃት።

የመጀመሪያው ኩሬ ጭቃ ሆኗል። ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው የሚንፈራገጠውን ዓሣ በባልዲ ይለቅማሉ። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው፤ የእንጨቱ ቦይ ጥቁር ጎኑን አውጥቶ ተጋድሟል፣ አንዱ ጫፉ ከአሁኑ በፀሐይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ሦስተኛው መሐል ላይ ብቻ እንደ ጠረጴዛ ልብስ የሰፋች ውሃ ቀርታለች። ከዳር የነበረውን አበባ ግድቡን ሊቀድ የመጣው ማሽን ረጋግጦታል።

ወንድምየው የሟቹን ልብስ ሊሰበስብ ወደ ጠባቂው ክፍል ሄደ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ኩሬውን እያየች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ከነገራት ሁሉ አንዱን ለማስታወስ ሞከረች። ስለ ወፍ የነገራት ነበር፤ የትኛው ወፍ እንደሆነ ጠፋት።

ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ተጓዥ በመንገዱ መጣ። ጭቃውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን አድርገውት ነው?» አላት።

ሰውየው ትንፋሹ አጥሮታል፤ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ እናቴ፣ እዚህ ጋ ሰው አለው?»

መዳፏን አጠገቧ ባለው ባዶ እንጨት ላይ አሳረፈች።

«አለው» አለች።

ሽማግሌው አንገቱን ነቅንቆ፣ ከዘራውን ተደግፎ ጥቂት አረፈና አለፈ። እሷ እጇን አላነሣችም።