በበድሉ ኪስ የተገኘው ዛጎል

ማናህሎሽ ልጇ በድሉ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። በድሉ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። አንድ ማለዳ ባሕሩ ዳር ተጋድሞ ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለው፣ ደም የለው። ጓደኞቹ ሸሚዙንና ኪሱ ውስጥ ያገኙትን አንድ ዛጎል ጁባ ድረስ ላኩላት።

እኔና እሷ ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሱቅ አለችን። ዛጎሉን ከሳሙናው ጎን አስቀመጠችው። እኔ ጸጉሬ ቆመ። ዛጎል የጠንቋይ ዕቃ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለው ይቃጠላል እንጂ አይደረደርም። "መተት ነው የገደለው፣ ጣይው" እያልኩ ነዘነዝኳት።

"የገደለው ነገር አይደለም የኔ ጭንቅ፣ ዶርቃ" ትለኛለች። "ሲሞት አሞት ይሆን? ጮኾ ሰሚ አጥቶ ይሆን?"

አገሩ ነጻ በወጣ በዓመቱ፣ ሙቀቱ ሰውን በቁሙ በሚያስተኛበት አንድ ከሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ስምኦን ለስላሳ ሊጠጡ ጎራ አሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። እኚህ ሰው ለማይፈልጉት እንግዳ "የለም በሉልኝ" ማለት እንኳ የማይሆንላቸው፣ የሰውን ቅጥፈት ነቅሰው የሚያወጡ ደረቅ ናቸው። እንደ ካርታ የተዥጎረጎረውን ዛጎል ሲያዩ ጠርሙሱን አስቀመጡ።

"ይሄን በእጁ የያዘው ማነው?"

ማናህሎሽ ነገረቻቸው።

"ጥንቆላ አይደለም" አሉ። "የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ቀን ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ዓሣ ያድናል።"

"ቀንድ አውጣ ዓሣ ላይ እንዴት ይደርሳል?" አልኩ።

"አይሮጥማ። አፉን ሰፋ አድርጎ ይዘረጋና ውኃው ውስጥ የሚያፈዝ ነገር ይለቃል። ዓሦቹ መዋኘት ይረሳሉ። ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ። አጎበር ልጆችን እንደሚሸፍን ይሸፍናቸዋል። መርፌውን የሚወጋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያነሳውን ሰውም ይወጋል።"

ደጃፉ ላይ በወጠርነው ሰማያዊ ሸራ አልፎ የሚገባው ብርሃን ሱቃችንን ውኃ አስመሰላት። መንገዱ ላይ ሰው የሚያመላልሰው የቦዳቦዳ ሞተር ጩኸት ራቀ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት የኦሞ ከረጢቶች በዝግታ ይወዛወዛሉ፤ እኔም አብሬያቸው የምንሳፈፍ መሰለኝ። ዛጎሉን መፍራቴን ረሳሁት፤ ደስ የሚል ድካም ተጫነኝ።

"በድሉስ?" አለች ማናህሎሽ። "አሞት ነበር?"

ጋሽ ስምኦን ዛጎሉን ደጋግመው አገላበጡት።

"አላመመውም። እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ተጋደመና ተኛ። እንደ ዓሦቹ።"

"አልጮኸም?"

"ተኝቶ ምን ብሎ ይጮኻል፣ እህቴ?"

ማናህሎሽ አለቀሰች፤ የለመድኩት ልቅሶዋ ግን አልነበረም። ትከሻዋ ወረደ።

ጋሽ ስምኦንን እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። "ጋሼ፣ እውነት ነው?" አልኳቸው።

ሳያዩኝ ቦዳቦዳው ላይ ወጡ። "የዓሦቹ እውነት ነው" አሉ። "ምጽዋ ላይ አንድ ባልደረባዬን ወግቶት ነበር። መናገርም መንቀሳቀስም አቃተው እንጂ አልተኛም። እስከ መጨረሻው ያየኝ ነበር።"

ሞተሩ ይዟቸው ሄደ። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ስመለስ ማናህሎሽ ወንበሯ ላይ ጭልጥ ብላ ተኝታለች። አፏ ተከፍቷል፣ ታንኮራፋለች። አንድ ደንበኛ ገባና ጮክ ብሎ "ሱካር ፊ?" ሲል ስኳር ጠየቀ።

"ማፊ፣ የለም" አልኩት በሹክሹክታ። ስኳሩ ከኋላዬ ተቆልሎ ይታየዋል።